የመጀመሪያው ጆንያ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ነው? ብርድ እንደማይስማማው ስለማውቅ በየማለዳው አስብሃለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። መጋዘኑም ደህና ነው፤ ሽንኩርቱ ይገባል፣ ይወጣል። ደህና ያልሆነውን ደግሞ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ።

አንድ ከተማ ውስጥ እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። አንተ ፊት ስቆም ቃሉ ሁሉ ይጠፋብኛል፣ ወንድም ጋሼ። ያሳደገኝን ሰው ፊት ለፊት መውቀስ አልችልበትም። በወረቀት ግን ሳታቋርጠኝ እጨርሳለሁ።

ሃያ ዓመት ሙሉ አትክልት ተራ በማለዳ ያየህ እንዲህ ነው፦ ኮትህን ታወልቃለህ፣ ታማትባለህ፣ ከመጋዘን ወደ ሱቅ የሚሻገረውን የመጀመሪያውን ጆንያ ራስህ ትሸከማለህ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበ እኔ ከጆንያ በላይ ነኝ ወይ ትል ነበር። ተሸካሚዎቹ ባለቤቱን አይተው ሳያጉረመርሙ ይከተሉሃል። ጎረቤቶቻችን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ልጆቻቸውን ሲቆጡ «እሳቸውን አታዩም?» ይላሉ። እኔም ኮርቼብህ ነበር። ይህን ሳልደብቅ ልናገር።

ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሙ የወገብህ ዲስክ ተንሸራቷልና ከአሥር ኪሎ በላይ እንዳታነሳ አለህ። አንተ በማግስቱ ኮትህን አውልቀህ መጣህ። አልቅሼ ለመንኩህ፤ ምሳሌ የሆነ ሰው ጡረታ የለውም አልከኝ። ያኔ የመጣልኝን አደረግኩ። ጭድ ተራ ሄጄ ጭድ ገዛሁ፤ የአንዱን ጆንያ ሆድ በጭድ ሞልቼ፣ ዙሪያውንና አፉን ሽንኩርት አልብሼ፣ በጆንያ መርፌ ሰፋሁትና በሩ ላይ አቆምኩልህ። ሽንኩርቱ ሲበላሽም ከነጭዱ እየቀየርኩ እንደ አዲስ እሞላዋለሁ። ጠዋት ተሸክመህ ሱቅ ታደርሰዋለህ። አመሻሽ ላይ ሰው ሲበተን እኔ ወደ መጋዘኑ እመልሰዋለሁ። እኔም እችለዋለሁ።

መጀመሪያ ያነሳኸው ቀን ወደ እኔ ዞር ብለህ አላየህም። በዚያው እሑድ ጉባኤ ፊት ቆመህ እግዚአብሔር ጀርባዬን አደሰልኝ ብለህ መሰከርክ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እውነት መስሎት ነው አልኩ። የዋህነትህ አንጀቴን በላው፤ ሳልነግርህ ቀረሁ።

አሁን ወደ ሽኩር ልምጣ። አሥራ አምስት ዓመት የተሸከመልን ሰው ነው፤ አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ያን ማክሰኞ ዳሌውን አሞት ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ለዛሬ ብቻ ጆንያውን ከሰው ጋር ለሁለት ልያዘው ብሎ ጠየቀህ። መልስ ሳትሰጠው የራስህን ተሸክመህ ደረጃውን ወረድክ፣ ተሻግረህ አድርሰህ ተመለስክ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፦

«ሽኩር፣ እኔ በስልሳ ሁለት ዓመቴ የቻልኩት አንተን ከከበደህ፣ የታመመው ዳሌህ ሳይሆን ልብህ ነው» አልከው።

ጓደኞቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ሙሉ ኩንታል ትከሻው ላይ አስደርጎ ወጣ፤ ደረጃው ላይ የወደቀ የጎመን ቅጠል ረግጦ ከነጆንያው ተንከባለለ። እኔ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጆንያውን ከማንሳቱ በፊት አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም፤ ይህን በማንም አላላክክም።

አንተ እስከ ዛሬ ስላልጠየቅከው ያለበትን ልንገርህ። ሐሙስ ሄጄ ነበር። ሚስቱ ማሂራ በር ድረስ ወጥታ ተቀበለችኝ። ተጋድሟል፤ እግሮቹ ገና አይታዘዙለትም። ይረግመናል ብዬ ፈርቼ ነበር የገባሁት። እሱ ግን ምን አለኝ መሰለህ? «እትዬ፣ ጋሼ ይቅር እንዲሉኝ ይንገሩልኝ። እሳቸው እየቻሉ እኔ ወድቄ በሰው ፊት አሳፈርኳቸው።»

ወንድሜ፣ እሱ አንተን ይቅርታ ጠየቀህ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጭዱን ነገርኩት፤ ሦስቱንም ዓመት ነገርኩት። ማሂራ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሽኩር ጣሪያውን እያየ፣ ጋሼ ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አያውቅም አልኩት። በራጉኤል ስም ማልኩለት።

ይህ ሐሙስ ነው። ዓርብ አንተ ደወልክ።

እሑድ ለወጣቶቹ ስለ አገልጋይ መሪ እንደምታስተምር፣ በቃል ብቻ ሳይሆን መድረኩ ላይ ጆንያ ተሸክመህ ልታሳያቸው እንደፈለግክ ነገርከኝ። ጆንያዬን ላኪልኝ አልክ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ደግሞ፣ ከሌላው ጋር እንዳይቀያየር ቀይ ክር እሰሪበት አልክ።

እሺ አልኩህ። ክሩ ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኩህም። ስልኩን እንደያዝኩ ሽንኩርቱ ላይ ተቀመጥኩ፤ ደንበኛ መጥቶ ሲጠራኝም አልሰማሁትም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እኔ ሞኟ እንቅልፍህን እንዳልረብሽ ሦስት ዓመት በእግሬ ጣት ስራመድ ኖርኩ።

ጆንያውን ልኬልሃለሁ። ቀይ ክሩም ታስሯል። ስሞላው ግን ጭድ አልቆብኝ ነበር፤ ልገዛም አልሄድኩም። ሹፌሩን ሙናዊርን፣ ጆንያውን ከማውረድህ በፊት ደብዳቤውን በእጁ ስጠው፣ አንብቦ እስኪጨርስም ጠብቀው ብዬዋለሁ። አደራህን፣ ሳታነብ እንዳትጎነበስ። ወገብህ እንዲጎዳ አልፈልግም፤ የሽኩር ይበቃናል።

መድረኩ ላይ የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ አያለሁ። ሰኞ ሽኩር ዘንድ እመለሳለሁ፤ የማልኩለትን ማስተካከል አለብኝ።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ የእሑዱን ቀን ለሁላችንም የምሕረት ያድርገው።

አንተን እያየች ያደገች፣
ታናሽ እህትህ