የአባባ ጣሳዎች

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጂሙ፣ የምታሠለጥናቸው ሰዎች፣ ያ የሚያምህ ወገብህስ? እኛ በጣም ደህና ነን።

ጡንቻ ይመልሳል ብለህ የላክኸው የፕሮቲን ዱቄት ደርሷል። አባባ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ምግብ እምቢ ቢሉም፣ እሱን በወተት በጥብጬ ስሰጣቸው «ልጄ የላከው ነው» ብለው አፍንጫቸውን ይዘው ይጨልጡታል። እንዳልከኝም ሁለት የቀለም ጣሳ አሸዋ ሞልቼ እጀታ አበጀሁላቸው። ጠዋት ጠዋት አልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ያነሳሉ። «ስንት ዘመን ጆንያ የተሸከመ ትከሻ በጣሳ ይፈተን?» እያሉ ያስቁኛል።

ሲከብዳቸው ጊዜ ሳያዩኝ ከአሸዋው ትንሽ ቀነስኩ። አነሱትና ደስ አላቸው፤ «ዱቄቱ ሠራ፣ ለወንድምሽ ጻፊለት» አሉኝ። ጽፌልህም ነበር። ከዚያ ወዲህም እየቀነስኩ ነው።

ትናንት ጣሳዎቹ ባዶ ነበሩ። አባባ አንዱን ይዘው ታገሉ፣ ታገሉና ተዉት።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጨመርሽበት?» አሉኝ።

«ትንሽ አሸዋ» አልኳቸው።

«ጎሽ» አሉኝ።

ዱቄቱ ስላላለቀ ሌላ አትላክ። የዓመት ፈቃድህን ግን ባታቆየው ደስ ይለኛል።

ዓይን ለዓይን እስክንተያይ ድረስ ፈጣሪ ለአንተም ለእኔም ጉልበቱን ይስጠን።

ታናሽ እህትህ