ማን አስቆጣህ?

ይድረስ ለቁጡው ባሌ፣ ለጌትዬ፤

ከተለየኸኝ አምስት ዓመት አለፈ። እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ቢብስብህም ደህና ነኝ ብለህ እንደምትሸነግለኝ ዘንድሮ ደርሼበታለሁ።

ሰፈራችን ያ ሰፈር አይደለም። ከባንኮኒው ጀርባ ቆመህ ማኪያቶ ላይ ስኳር የሚያበዛውን ሁሉ የምትቆጣበት ኬክ ቤት ፈርሶ መንገድ ሆኗል። ጎረቤቶቻችንም ተበትነዋል። የእኛ ቤት አልተነካም፤ ብቻ ሜትር ይዞ ያለፈ ሰው ሁሉ ግድግዳዬን በዓይኑ የሚለካ ይመስለኛል። ድሮም ጠርጣራ ነሽ ትለኝ ነበር። አዎ፣ ነኝ።

ወንድምህን ሙላቱንም እስከ ቅርብ ጊዜ ደጄን አላስረገጥኩትም። ለምን ብትለኝ፣ በዚያ በኮሮናው ጊዜ ሆስፒታል ስትተኛ ጠያቂ አይገባም ብለው ከበር መለሱኝ። በማግስቱ ጠዋት ደወልክልኝ፤ ድምፅህ ተዘግቷል። ምን ሆነህ ነው ስልህ ሙላቱ ላይ በስልክ ጮኼ ነው አልክ፤ በምን እንደሆነ ግን አልነገርከኝም። ከሰዓት ደግሞ አንዲት ዶክተር ደወለች። የደም ምርመራው ሰውነቱ በጣም መቆጣቱን ያሳያል፣ ቁጣው ካልበረደ ያሰጋናል አለችኝ። እንግዲህ እኔ ምን ልበል? አንተ እንደሆንክ ወጡ ጨው በዛበት ብለህ የምትቆጣ ሰው ነህ። ነገሩን ገጣጠምኩት።

ሳምንት ሳይሞላህ ሄድክብኝ። በቀብርህ ላይ ያ ጥቂት ሰው እየሰማ ሙላቱን፣ በንዴት ገድለኸው ልትቀብረው መጣህ? አልኩት። አቀርቅሮ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

በቅርቡ ጉልበቴ አብጦ ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ዳሰስ አደረገኝና ጉልበትዎ ተቆጥቷል አለኝ። ደግሞ እሱ ማን ላይ ነው የሚቆጣው? አልኩት። ልጁ በሳቅ ሞተ። ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል ያብጣል፣ ይግላል፣ መቆጣት የምንለው ይኼንን ነው አለኝ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ያንተን ነገር አነሳሁበት። የቁጣው ምልክት ደም ውስጥ ይለካል፤ በኮሮና ጊዜ ከፍ ያለበትን በሽተኛ ሊብስበት ይችላል ብለን ነቅተን እንጠብቀው ነበር አለኝ። ማስጠንቀቂያ እንጂ ፍርድ አይደለም፣ ከፍ ብሎባቸውም ድነው የወጡ አሉ ሲል ጨመረልኝ።

እሰይ! ስለዚህ ገና ከጅምሩ ያውቁ ነበር። ለእኔ ከነገሩኝ፣ ለባለቤቱስ ለአንተ መቼ ነገሩህ? ይቺ ነገር ከነከነችኝ።

ሙላቱ ጋር ደወልኩ። ጊዮርጊስ ደጅ ተገናኘን። ሸብቷል፤ ከጎን ሲያዩት ቁርጥ አንተን ነው፣ እሱም አናደደኝ። ያን ጠዋት ለምን ጮኸብህ? አልኩት። መጀመሪያ እንቢ አለ፤ በእናታችን አጥንት አስምሎኛል አለ። አልለቀቅኩትም። ለካ ደምህ ክፉ ምልክት እንዳሳየ ጠዋቱን ነግረውህ ኖሯል። አንተ ለሙላቱ ነገርከው። እሱ ለእሷ ልንገራት ሲልህ ነው የጮህክበት። ጠርጣራ ናት፣ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ትንፍሽ እንዳትል አልከው። ያ ምስኪን ነፍሰ ገዳይ ተብሎም ቃልህን ጠበቀ።

ጌትዬ፣ ሰውን ሁሉ ስጠረጥር አንተን አንድ ቀን አልጠረጠርኩህም። ባውቅ ኖሮ ያን ጠዋት ውሃ ጠፋ እያልኩ አማርርብህ ነበር? እወድሃለሁ አልልህም ነበር? እሱን ነው የቀማኸኝ።

ሙላቱ እሁድ ምሳ ይመጣል፤ ያንተ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከእሱ ታርቄያለሁ፣ ከአንተ ግን ገና ነኝ። አሁን የተቆጣሁት እኔ ነኝ፤ እስካለሁም አይበርድልኝም፣ በዚሁ አስብሃለሁ። ማን አስቆጣሽ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ባሌ ነው እላለሁ።