ስልክ የማይቆጥረው ዌብሳይትህ

ኒቆዲሞስ፣

ትናንት ሸዋ በር ያቀመስኩህ ቡጢ ገና መጀመሪያው ነው።

አሠሪያችን እትዬ እልፍነሽ ፊት «የዘላለም ማስታወቂያ ለእንግዳ ማረፊያው አንድ ሰው አላመጣም፣ ዌብሳይቱ ዜሮ ይላል» ብለህ ከሥራ አስባረርከኝ። አብረን የምንኖርበትን ቤት ስንከራይም «ውሉን እኔ ላንብበው፣ አንተ አይገባህም» ያልከኝን አልረሳሁም።

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተርህን ከፍቼ የዌብሳይቱን ቁጥር እያየሁ በስልኬ ሞከርኩት። ከማስታወቂያዬ ገብቼ የአልጋ መያዣ ቅጹን ሞልቼ ላክሁ፤ ቆጠረ። ደግሜ ገብቼ «ይደውሉ» የሚለውን ነካሁ። እትዬ ራሳቸው አነሱ፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

አንተ ደንቆሮ፣ የእኛ ሰው ቅጽ ሞልቶ አልጋ ሲይዝ የት አየህ? ደውሎ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ «ሙቅ ውሃ አለ ወይ» ብሎ ነው የሚመጣው! ያ ሁሉ የደወለ ሰው የእኔ ነበር።

ጥሪውም እንዲቆጠር አድርግና ዛሬውኑ ለእትዬ ንገራቸው። እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም። ካልነገርክ መንጋጋህን አወልቀዋለሁ፣ እናቴን!

በረዶ ፍሪጅ ውስጥ አለ። በጨርቅ ጠቅልለህ ከንፈርህ ላይ ያዘው።

ሐኪም ጋራ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነኝ። ለእትዬ ሳትነግር እንዳትመጣ። እዚህ ገላጋይ የለም።

ዘላለም