ገጽ ዐሥራ አራት ላይ ስለወጣችው እጅ

ለተከበሩ የሀገረ ስብከታችን መጽሔት ዋና አዘጋጅ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎ ከመቀመጥ ብዛት፣ ዐይንዎ ከንባብ ብዛት፣ ቀይ እስክሪብቶዎም ከሥራ ብዛት እንዳልደከሙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እዚህ በከተማው ጫፍ ያለን የአጥቢያው ምእመናን ደኅና ነን። ደኅና ስለመሆናችን ግን እስካሁን በመጽሔትዎ ላይ ማረጋገጫ አላገኘንም።

ከሚደርስዎ ደብዳቤ ብዛት ማንነቴን ዘንግተውት እንደሆነ፣ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። የመዘምራኑን ልብስ የምሰፋውም፣ የዛሬ ስድስት ዓመት በአጥቢያው ስብሰባ ላይ ሌላ እጁን ያወጣ ሰው ስለጠፋ የመጽሔትዎ ዜና አቀባይ ሆኜ የተመረጥኩትም እኔው ነኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በኋላ ሽፋናችሁ ላይ በደማቁ የምታትሙትን «ዜናዎቻችሁንና ታሪኮቻችሁን ላኩልን፤ መጽሔቱ የእናንተ ነው» የሚል ጥሪ እንደ ሞኝ ከልቤ አምኜ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ደብተር አስቀምጬ፣ ሃያ ሦስት ጽሑፎች ልኬልዎታለሁ። ሦስቱ ወጥተዋል። ስለ ሦስቱ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ከርዕሳቸው፣ ከመግቢያቸው፣ ከመካከላቸውና ከመጨረሻቸው በቀር ምንም አልተነካባቸውም።

ይህኛውን ጽሑፍ በፖስታ ከመላክ ይልቅ በቤተ ክርስቲያናችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የመነጨ መሆኑን ይረዱልኝ፤ ለማሳጠር እንዳይደክሙ ብዬ ነው። ቅሬታ ማብዛትም ልማዴ ስላልሆነ፣ የሚከተሉትን በቁጥር እንደተደረደሩ ምስጋናዎች ይቀበሉልኝ።

አንደኛ፦ የመዘምራኑን መሪ በተመለከተ ስላደረጉልን ነገር አመሰግናለሁ። መሪያችን በአንድ ትልቅ ጉባኤ ዋዜማ ድምፃቸው ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ፣ በማግስቱ ከእኔ በተዋሱት የእንጨት ማስመሪያ እያመለከቱ ብቻ ሙሉውን መርሐ ግብር መርተው ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በራሳቸው ድምፅ ተሸፍኖ የኖረውን የመዘምራኑን ድምፅ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምተው፣ ማስመሪያውን እንደያዙ እንባቸው ዱብ ዱብ ሲል ያላየ ሰው አልነበረም። ይህንን በአራት ገጽ ጽፌ ላክሁ። እርስዎም «መርሐ ግብሩ በመዝሙር ደምቆ ተጠናቋል» ብለው አወጡት። ዐረፍተ ነገሩ ያምራል፤ የእኔ አለመሆኑ ብቻ ነው ትንሽ የከነከነኝ።

ሁለተኛ፦ ለምን እንደዚያ እንደሆነ በትሕትና ብጠይቅ፣ በሁለት መስመርና በሁለት ማኅተም መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። «ዜና በክብር እንግዳው ስም ይጀምራል፤ የክብር እንግዳ ያልተገኘበት ጉዳይ ዜና አይሆንም» ይላል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ዜና ማለት የሆነ ነገር ሲሆን ይመስለኝ ነበር። መመሪያውን ካወቅሁ በኋላ መጽሔቱን በአዲስ ዐይን አየሁት። ታናሽ እህቴ እንደቆጠረችው፣ ባለፈው ዓመት በአንዱ እትም ብቻ የሀገረ ስብከቱ ምክትል ኃላፊ በዘጠኝ ፎቶግራፎች ላይ ወጥተዋል፤ በሰባቱ መቀስ ይዘዋል። እኔ ልብስ ሰፊ ሆኜ በሦስት ወር ውስጥ የዚያን ያህል ጨርቅ አልቆርጥም።

ሦስተኛውን ምስጋና በቁጥር ብቻ መጨረስ ስለማልችል ዘርዘር አድርጌ እንድጽፍ ይፍቀዱልኝ፤ ደብዳቤውም በእርግጥ የተጻፈው ለእርሱ ነው።

በአጥቢያችን ሠላሳ ስምንት ዓመት በር የከፈቱና የዘጉ፣ ደወል የደወሉ፣ ግቢ የጠረጉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ልጆች አባባ ቁልፍ ይሏቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሁላችንም እንደ ልጆቹ አባባ ቁልፍ አልናቸው። ወገባቸው ላይ ዐሥራ አንድ ቁልፎች ተንጠልጥለዋል። አንዱንም አያዩትም፤ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው የደወሉን ቤት ከዕቃ ቤቱ፣ የዕቃ ቤቱን ከመዝገብ ቤቱ ይለያሉ። የዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከበላያችን ያለው የውሃ ቦይ ሞልቶ ጎርፉ ግቢያችንን በወረረ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ የየቤቱን ዕቃ ለማውጣት ሲሮጥ፣ እሳቸው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው የመዝገብ ቤቱን ከፈቱ። የክርስትናውን፣ የጋብቻውንና የቀብሩን መዝገቦች አምስት አምስት እያደረጉ፣ በደወሉ ቤት ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ሁሉንም አተረፉ። በስድስተኛው ምልልስ የብረቱን በር ውሃው ገፍቶ ቀኝ አውራ ጣታቸው ላይ ዘጋባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚያ ጣት ጥፍር ሲያድግ መሐል ለመሐል ለሁለት ተከፍሎ ነው።

ስለዚህ ነገር አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ልኬያለሁ። መጀመሪያ ላይ የክብር እንግዳ የለውም ተባለ። ሁለተኛ ቆየት ያለ ጉዳይ ነው ተባለ። ሦስተኛውና አራተኛው «ለቀጣዩ እትም ተይዟል» ተብለዋል፤ የተያዙበት ቦታ እንደሚመቻቸው አልጠራጠርም።

አባባ ቁልፍ ቅሬታ አያውቁም። መጽሔቱ በወጣ ቁጥር አንዱን ይወስዱና አጉሊ መነጽራቸውን ገጹ ላይ አስጠግተው «የኛ ሰፈር አለች?» ይላሉ፤ የለችም ስላቸው «ይሁን» ብለው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ የላላ ቁልፍ የሚያጠብቁ መስለው ፊታቸውን አዙረው፣ «ልጄ፣ እኔንስ አንድ ቀን ታወጪኝ ይሆን?» አሉኝ። አወጣዎታለሁ አልኳቸው። የእርስዎን መመሪያ ሳላማክር ቃል መግባቴ ጥፋት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ዐይናቸው መድከም ጀመረ። ዘንድሮ ሐኪሙ ግራው አልቋል፤ ቀኙም ትልልቅና ብሩህ ነገር ብቻ፣ እሱንም ምናልባት ስድስት ወር ያያል ብሏቸዋል። መጽሔትዎ የሚወጣው በየሦስት ወሩ ነው። ሒሳቡን ለእርስዎ እተወዋለሁ።

በዚህ ጊዜ እኔም ወገቤን አጥብቄ በመመሪያው ለመሥራት ተነሣሁ። ዜና የክብር እንግዳ ካስፈለገው፣ የክብር እንግዳ ደግሞ ምርቃት ያስፈልገዋል፤ ምርቃትም የሚመረቅ ነገር ይፈልጋል። ያን ሰሞን በግቢያችን አዲስ የተሠራ ነገር ቢኖር አንድ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ነበር። እሱኑ እንመርቃለን ብለን ጻፍን። ምክትል ኃላፊው በሳምንቱ ከች አሉ፤ ፎቶ አንሺዎም አብሮ መጣ። ከመዘምራኑ ልብስ የተረፈ ሦስት ሜትር ሪባን በአንዲት ቧንቧ ዙሪያ ስንጠመጥም ማፈራችንን አልደብቅዎትም። የአባባ ቁልፍን ኮት ተኩሼ፣ እጅጌውን አሳጥሬ፣ ትሪውን አስይዤ፣ ትሪው ላይ የራሴን መቀስ አስቀምጬ፣ ከክቡር እንግዳው በስተግራ አንድ እርምጃ ላይ አቆምኳቸው። ሪባኑ ተቆረጠ። ቧንቧው ተከፈተ። ውሃ ግን ያን ቀን አልነበረም፤ መጽሔቱ «ውሃው በብዛት ሲፈስ ታይቷል» ማለቱን ሳነብ እጄን በአፌ ጫንኩ። በማግስቱ ስለመጣ ግን ትንቢት አድርገን ወስደነዋል።

ጽሑፌ አምስት አንቀጽ ነበር። በመመሪያው መሠረት የመጀመሪያው ስለ ክቡር እንግዳው፣ የቀሩት አራቱ ትሪ ስለያዙት ሽማግሌ ነበሩ። የመጀመሪያው አንቀጽ በገጽ ዐሥራ አራት ላይ ወጣ። ፎቶውም ወጣ። ክቡር እንግዳው ከራስ ፀጉራቸው እስከ ጫማቸው አሉ። በስተግራ ደግሞ አንድ ትሪ፣ አንድ መቀስና እስከ አንጓዋ ድረስ አንዲት እጅ አለች። ሰውየው ተቆርጧል። በስድስት ዓመት ውስጥ ከእኔ የተላከ ሆኖ ሳይቆረጥ በመጽሔትዎ የወጣ ነገር ቢኖር መቀሴ ብቻ ነው።

ያን እትም አባባ ቁልፍ እንዳያዩት ሁለት ቀን ደበቅሁት። በሦስተኛው ቀን ከሌላ ሰው ወስደው ወደ ሥራ ክፍሌ መጡ። ከጨርቁ መሐል ቦታ ጠርገው መጽሔቱን ዘረጉት፤ አጉሊ መነጽሩን ፎቶው ላይ አስቀመጡ፤ ቀኝ አውራ ጣታቸውንም ከሥዕሉ ጎን አጋደሙት። ሁለቱም ጥፍሮች መሐል ለመሐል የተከፈሉ ናቸው። «ይቺ የኔ ናት» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ቅር ብሏቸው አልነበረም፤ ደስ ብሏቸው ነበር። ለዳቦ ጋጋሪው፣ ለጫማ ሰፊው፣ ለሐኪማቸውም ሳይቀር «መጽሔት ላይ ወጣሁ» እያሉ እጃቸውን ሲያሳዩ ሰንብተዋል። እኔ ግን እሳቸው ከወጡ በኋላ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ያስለቀሰኝም በእርስዎ ላይ ያለኝ ንዴት ብቻ ሳይሆን፣ ያቺን በምታህል ነገር ይህን ያህል መደሰታቸው ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ሐኪሙ ከሰጣቸው ስድስት ወር ውስጥ አንዱ እትም በአንዲት እጅ ፎቶ አልቋል፤ የቀረው አንድ ነው። በዚያ እትም የአባባ ቁልፍ ፊት በግማሽ ገጽ፣ ትልቅና ብሩህ ሆኖ ይውጣልኝ። ጽሑፉን እንደፈለጉ ያሳጥሩት፤ አንድ መስመር ቢቀረኝም አልከራከርም። መመሪያው እንዳይጣስ ከፈለጉ ምክትል ኃላፊውን የፊት ሽፋን ላይ ያውጧቸው፤ እኔ አላስቀይማቸውም። የሚመረቅ ነገርም ከተፈለገ ሳምንት ሳይሞላ አዲስ የበር ማጠፊያ፣ ካልሆነም አዲስ መጥረጊያ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ፤ ሪባንም አለኝ። በእኛ በኩል የጠፋ ነገር የለም፤ ከፎቶው የቀረው የሰውየው ክፍልም ሙሉ ሆኖ እዚሁ አለ፤ ዘወትር ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ሲከፍት ይገኛል።

ረጅም ዕድሜ፣ ብርቱ ዐይን፣ ከሁሉም በላይ ሰፊ ገጽ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በቀይ እስክሪብቶዎ ሥር ስድስት ዓመት በትዕግሥት የኖርኩ፣ ለመቆረጥ ሁልጊዜ የተዘጋጀሁ፣

ትሑት አክባሪዎ፣
የአጥቢያው ልብስ ሰፊና፣ ይህ ደብዳቤ እስኪነበብ ድረስ፣ ዜና አቀባይ።

ሳልነግርዎ እንዳልቀር፦ ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ልጅ ማስረጃ ለማውጣት አባባ ቁልፍ የመዝገብ ቤቱን ከፍተውልኝ፣ አሮጌውን የክርስትና መዝገብ ሳገላብጥ የእርስዎን ስም አገኘሁት። ለካ ክርስትና የተነሡት እኛ ዘንድ ነው፤ ሕፃን ስለነበሩ አያስታውሱትም። የገጹን ጥግ የጎርፉ ውሃ ትንሽ ነክቶታል እንጂ ስምዎ ከነአባትዎና ከነእናትዎ ሙሉ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተቆረጠችበትም። መዝገቡን ተሸክማ ያወጣችውን እጅ ለማየት ከፈለጉ፣ በራስዎ መጽሔት ገጽ ዐሥራ አራት ላይ በስተግራ አለች።