የዳማው እግር

ጥቅምት 3 ቀን 1955፣ ጥርባ፣ ጧት 1 ሰዓት

ዛሬም ያነክሳል። የፊት ግራ እግሩ። ሰኮናውን በሞቀ ውሃና በጨው ዘፈዘፍኩት፤ የተልባ ልጥፍ አሰርኩበት። ዳማው ፈረስ ሳይፈራገጥ ትንፋሹን ማጅራቴ ላይ ይለቃል። ደብተሬ፣ ቢነክሰኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ካረፈ ዛሬ ሃያ ሰባት ቀኑ። ፈረሱ የእሱ፣ በደሉ የእኔ። አባቴ ታሞ ሳለ ዳማውን ወደማስተምርበት ዳንግላ ት/ቤት መሄጃ ብዬ ወሰድኩት። እዚያ የጋሪ ፈረስ ሁሉ ብረት ተጫምቷል። የኔስ ከማን ያንሳል! ለጋሪዎቹ የሚሠራው ቀጥቃጭ ዘንድ ወስጄ ብረት አስመታሁለት። አንዱ ምስማር ሥጋውን ነካ። ቤት ስደርስ በጉጠት ነቀልኩት፤ መግል ተከተለው። አባቴ ከአልጋው ሆኖ ኮቴውን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አልተቆጣኝም። ምነው በተቆጣኝ።

ጥቅምት 6፣ ከሰዓት

ዝናብ። ግቢው ጭቃ።

አባቴ ሦስት ፈረስ ነበረው፤ ሦስቱንም በአንድ ልጓም አልገራም። ቦራው አፈ ደንዳና ነበር፤ ለእሱ የብረት ልጓምና ያ ትልቁ ኮርቻ። ለጉራቹ ቀላል ልጓም። ዳማው ግን ጀርባው ቀጭን፣ አፉ ስስ። አፉ ውስጥ ብረት የማይገባበት ልባብና የበግ ለምድ፣ በቃ። ሰኮናውን በየወሩ ራሱ በሞረድ ያስተካክልለት ነበር፤ ብረት የለ፣ ምስማር የለ። ለዚህ ረግረግ ምን ብረት ያስፈልጋል? አባቴ ፈረሱን ያይ ነበር። እኔ የዳንግላን ሰው አየሁ። ተማርኩ ባይ ደንቆሮ!

ቦራውም ጉራቹም ከሞቱ ቆዩ። የቀረው ይኸው ነው።

ጥቅምት 9

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ተገኘ፣ መጡ። ለአርባው ለቅሶ ኮርቻው እንዲወጣ አዘዙ። ደንቡ ነው፤ የሟች ፈረስ ሙሉ ዕቃው ተጭኖ፣ ግላሱን፣ የጌጥ ልብሱን፣ ለብሶ በአልቃሹ መሃል ይመራል። ኮርቻው የቦራው ነው፣ ዳማውን ይልጠዋል፣ እግሩም ቆስሏል አልኳቸው። በአገውኛ ሰደቡኝ። ባዶ ፈረስ ቢሄድ የአባታቸውን ኮርቻ ሸጠው በሉ ይሉናል አሉ።

ለሙከራ ጫኑበት። ዳማው ጀርባውን ዝቅ አደረገ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ እርምጃ ሳይሄድ በጉልበቱ ወደቀ። ስናወርድለት ጫንቃው ተልጧል። አጎቴ አዩት። አንድ ቀን ነው፣ ይችለዋል አሉ።

እናቴ ኮርቻውን በቅቤ ትወለውላለች።

ጥቅምት 13

እግሩ ትንሽ ሻል ብሎታል። ባዶውን ይራመዳል። ቢጫንበት ግን አይነሳም፤ እኔ አውቃለሁ። የአባቴን የመጨረሻ ፈረስ በአባቴ ለቅሶ ልገድል ነው? ወይስ የአባቴን ስም ላዋርድ? ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ጠቡ የእኔና የአጎቴ ነው፣ እሱን ምን አገባው።

ምናለ ያን ቀን ዳንግላ በእግሬ በሄድኩ!

ጥቅምት 16፣ አርባው፣ ጧት 12 ሰዓት ተኩል

ቆርጫለሁ። ዳማው በልባብ ብቻ ይሄዳል፣ አባቴ እንደሚያወጣው። ኮርቻው ደግሞ ለቅሶው መሃል ይታያል፤ ማንም ተሸጠ አይልም። እኔ እሸከመዋለሁ።

ለእናቴ ነገርኳት። ወደ ውስጥ ገባች። ግላሱን ይዛ ወጣች። ለዳማው መስሎኝ ልከለክላት ስል፣ አጣጥፋ ትከሻዬ ላይ አደረገችው። ኮርቻው እንዳይልጥህ አለችኝ። ያኔ አለቀስኩ፤ ገና በአርባኛው ቀን።

አጎቴ ደጅ ናቸው። ሰምተዋል። አይሆንም ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ይኸው በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ጎንበስ ብለው የዳማውን እግር እየዳበሱ ነው። አሁን ልባቡን ያዙ። እየጠሩኝ ነው፣ ኮርቻውን ተሸክመህ ውጣ ብለው።