በጥፍር ቀለም የቀላው ኮከብ

ዙለይካ፣

ዝዋይ እናቴ ጋ ሄጃለሁ። ቁልፉ እትዬ አበባ ጋ ነው።

ኢተፋ ከደብረ ዘይት ያመጣልሽን፣ ጠዋት ማታ የምትወለውዪውን ትንሽ የብረት ጀት ስታዪ እንዳትጮሂ። የቀበሌ ፍተሻ አለ ስለተባለ፣ ክንፉ ላይ ያለውን የአሜሪካ ነጭ ኮከብ በጥፍር ቀለምሽ ቀይ አድርጌዋለሁ። አሁን ጓድ ሆኗል።

ሆዱ ሥር የተጻፈውን እንግሊዝኛም መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። ቦምብ አይጥልም፤ ሥራው የጠላትን ራዳር ማደናገር ብቻ ነው። እንግዲህ ሰውዬሽ የራሱን ሐውልት ነው የሸለመሽ! ዱከም ሚስት አለችው ስልሽ፣ «ቅናት ነው» ያሰኘሽ ይኸው ማደናገሪያ ነው።

ይቅርታ የምጠይቅሽ ስለ ቀለሙ ብቻ ነው፤ ጨርሼዋለሁ።
እሁድ ለእሱ ጥፍርሽን መቀባት ካማረሽ፣ ከኮከቡ ላይ ፈቅፍቀሽ ውሰጂ።

የሺዓለም