የጠየቅሽኝ የወይራ ከሰል

ይድረስ ለእህቴ ለእህተማርያም፣
አዳማ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን እንዴት አድርጎሻል? የአዳማ ሙቀት ተስማምቶሽ ሕመሙ ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ይይዝሻል? ባለቤትሽ ስንታየሁስ ደህና ነው? ልጃችሁ ምሕረት ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ቁመቷ አንቺን አልፏል ብለው የነገሩኝ እውነት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። እናታችን አለች። ወንድማችን ይኸነውም አለ። ይህን ከሁሉ ያስቀደምኩት ወደ ታች ስታነቢ ልብሽ እንዳይሸበር ብዬ ነው። መርዶ በደብዳቤ እንደማይላክ ታውቂያለሽ። የሞተ ሰው የለም፤ የደበቅሁሽም የለም።

በስልክ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። መልሼ ብሞክር ብሞክር ኔትወርኩ አልሠራ አለ። እንጅባራ ድረስ ወጥቼ ሞከርኩ፤ እዚያም ያው ነው። የቄስ አዝመራው ልጅ ሀይማኖት ለትምህርቷ ወደ አንቺ አገር ስለምትመለስ ይህን በእጇ ሰደድኩልሽ። ቤትሽን አጠያይቃ ትመጣለች፤ ደህና አድርገሽ ተቀበያት።

ጾሙ ሲፈታ በጓሮሽ ሥጋ በሽቦ ላይ ጠብሰሽ ልትሸጪ ማሰብሽ ደስ ብሎኛል። የትኛው ከሰል ይሻለኛል ላልሽኝ የማውቀውን ልንገርሽ። የእኛ አገሩ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ቀላል ነው፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ጭሱም ትንሽ ነው። ግን ቶሎ አመድ ስለሚሆን እንግዳ በበዛ ቁጥር ስትጨምሪ ትውያለሽ። የባህር ዛፉ ይንጣጣል፤ ፍንጣሪው ልብስ ይበሳል፣ ሽታውም ሥጋው ላይ ይቀራል። እናንተ ዘንድ ከቆላ የሚመጣው የግራር ከሰል ጥሩ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን በእጄ ይዤው አላውቅም። ከየትኛውም ብትገዢ ሰብረሽ እዪው። ውስጡ ቡናማ ከሆነ ጥሬ ነው፤ እሱን ቤት ውስጥ እንዳታስገቢ፣ ራስ ይዞራል፣ ሰውም ይጥላል።

የወይራ ከሰል ሁሉንም ያስንቃል የሚሉት እውነት ነው። ይከብዳል፤ ሁለቱን ብታጋጪው እንደ ብረት ይጮኻል። ለመያያዝ ያስቸግራል እንጂ አንዴ ከጋለ ቀትር ላይ ያነደድሽው እስከ ማታ ፍም ነው። አንቺም ወይራ አገኛለሁ ወይ ብለሽኛል። ወይራውን በተመለከተ የምጽፍልሽ ሌላ ነው፤ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ዲከረንሳችን ታሟል። ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ እብጠት ወጣበት፤ ከዚያ ከጫፉ ጀምሮ እየደረቀ ወረደ። ከአዲስ ቅዳም ወደ እኛ ስትመጪ አረንጓዴ የነበረው ተራራ ዛሬ እሳት የላሰው ይመስላል። ከግብርና ባለሙያዎቹ የመጡ ነበሩ፤ አይተው፣ ቅጠል ቆርጠው ሄዱ። ሰው ሳይደርቅብኝ ብሎ ለጋውንም ያልደረሰውንም ጨፍጭፎ አከሰለው። አገሩ ሁሉ ጭስ ሆኖ ሰነበተ። ከዚያ ጭሱ ቆመ፤ የሚከሰል አልቆ ነው። እኔ ለድንችና ለጤፍ የተውኩት መሬት ስላለኝ እስካሁን ችያለሁ። ይኸነው ግን፣ እንደምታውቂው፣ የደረሰውን መሬት ሁሉ በዲከረንስ ሞልቶት ነበር። አንድም የተረፈለት የለም። ሚስቱ የሻረግ ደግሞ እርጉዝ ናት።

በዚህ መሐል ኪዳኑ የሚባል ነጋዴ መጣ። አገሩን አናውቅም፤ ሰውን ጎንበስ ብሎ የሚያናግር፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። የዲከረንሱን ከሰል በጫማው ገፋ አድርጎ «ይህን ለድስት ይግዙት። ጠባሾች የሚሹት ወይራ ነው፤ አዳማ ያሉት ከወይራ ሌላ አይነኩም» አለ። ወይራ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። በእኛ በኩል ወይራ የቀረው ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ደን ብቻ ነው።

ማን እንደጀመረው አላውቅም። ጠዋት ጉም ሲወርድ ይገባሉ፤ ጉሙ ሳይነሳ ይወጣሉ። ጉቶውን አፈርና ቅጠል ያለብሱታል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አዝመራው «ከምሥራቅ በኩል ደኑን የገባበት ማን ነው? እኔ ለመቅጣት አይደለም፣ እንድንነጋገር ነው» ብለው ጠየቁ። ወንዱ ሁሉ አቀርቅሮ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። እኔ ከይኸነው ጎን ነበርኩ። እጁን ሳይሸፍን በፊት አየሁት፤ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ነበር። የዲከረንሱ ከሰል ከቤቱ ካለቀ ሰንብቷል።

ወደ ቤት ስንመለስ ያዝኩት። «ወንድሜ፣ ይህ ነገር አይበጅህም» አልኩት። «አንተ ድንች አለህ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ሌላ ይታጠፍ ጀመር።

እታለም፣ ይኸነው አደጋ የደረሰበት ከደኑ ግርጌ ካለው ሸለቆ ውስጥ ነው። የወይራውን ግንድ ከምሮ፣ ሣርና አፈር አልብሶ አነደደው። እንዲህ ያለ ትልቅ ክምር ከዚህ በፊት አልሠራም። ዲከረንስ እኩል ይነዳል፤ ይህ ግን ከላይ ሙሉ መስሎ ውስጥ ውስጡን ተቦርቡሮ ኖሯል። አፈሩ ተሰነጠቀና ነበልባል ወጣ። ስንጥቁን ሊደፍን አካፋውን ይዞ ክምሩ ላይ ወጣ። ከሥሩ ከዳው። አንድ እግሩ እስከ ጭኑ፣ ሌላው እስከ ጉልበቱ ገባ። ጩኸቱን እርሻ ላይ ሆኜ ሰማሁ። የማን እንደሆነ አልለየሁትም ነበር፤ የሰው ድምፅ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። ስደርስ ሁለት ሰዎች በብብቱ ጎትተው አውጥተውት ነበር። አብረውት ሲያከስሉ የነበሩ ናቸው፤ ማንነታቸውን አልጽፍልሽም። ውሃ እስኪመጣ የለበሰው ሱሪ ይጤስ ነበር።

በቃሬዛ ወደ መንገድ አወጣነው። ከዚያ በባጃጅ አዲስ ቅዳም፣ ከአዲስ ቅዳም እንጅባራ። እንጅባራ ተኝቶ ታከመ፤ አንዱ እግሩ ድኗል፣ አንዱ ግን ቆዳው ተጨማድዶ ጉልበቱን አላስዘረጋ ብሎታል። እናታችን ከአልጋው ሥር አልተነሳችም። የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ሰዉም ጠይቆታል።

እኔን ያስፈራኝ ከዚያ የመጣው ነው። ይኸነው ሆስፒታል በገባ ማግሥት ኪዳኑ መኪና ይዞ መጣ። ያንኑ ክምር፣ ወንድማችን የወደቀበትን፣ አስቆፍሮ ማዳበሪያ ሞልቶ ጫነው። ማንም አልከለከለውም። ሹፌሩን ወዴት ነው ብለው ቢጠይቁት አዳማ ነው አለ። ምናልባት አሁን ገበያሽ ላይ ተደርድሮ ይሆናል። ከባድ ነው፣ ይጮኻል፣ ያማረ ነው። በእግዜር ይዤሻለሁ፣ እንዳትገዢው። አንቺ አንድ ማዳበሪያ ብትተዪ ደኑ እንደማይድን አውቃለሁ። ግን የወንድምሽ ሥጋ የነካውን እሳት በቤትሽ እንዳታነጂ ብዬ ነው።

ትናንት የገብርኤል ዕለት ታቦቱ ወጥቶ ነበር። የምሥራቁ ደን ግድግዳ ሆኖ ነፋስ እንደሚያስቀርልን ታስታውሺያለሽ? ዘንድሮ ነፋሱ ያለ ከልካይ ገባ። የካህናቱ ጥላ እየተገለበጠ፣ መዘምራኑ ልብሳቸውን በአንድ እጅ ይዘው ዞሩ። ሰው ሁሉ ነፋሱ ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ አንዱም ወደዚያ ዞሮ አላየም። ከደኑ ሥር የሚወጣው ምንጭም ቀጥኗል፤ ባለቤቴ ማናለብሽ እንስራ ለመሙላት ተቀምጣ ትጠብቃለች። ገና ታኅሣሥ ነው። መጋቢት ሲመጣ ምን እንደምንሆን ማሰብ አልወድም።

ይኸነው ከእንጅባራ ከተመለሰ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። አይቆጣም፣ አያማርርም። የሻረግ ስታለቅስ «እሳቱ ውስጥ ገብቼ ወጣሁ፣ ከዚህ በኋላ ምን ያገኘኛል?» ይላታል። ባለፈው ሳምንት ኪዳኑ ሊጠይቀው መጣ፤ ሙዝና ለስላሳ ይዞ ነበር። በሩን ዘግተው ተነጋገሩ። ስገባ ኪዳኑ ሙዝ ይልጥለት ጀመር።

ስለዚህ እታለም፣ የምለምንሽ ይህን ነው። ለጥብሱ ሥራ ሰው ያስፈልገኛል፣ እሳት የሚያውቅ፣ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ብለሽ አስጠሪው። እኔ ብለምነው አይሰማም። በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽው ነውና አንቺን እምቢ አይልም። የሻረግን እኛ እንይዛታለን፤ ወልዳ ስትጠነክር ትከተለዋለች። ኔትወርክ ባይኖርም ወደዚህ በሚመጣ ሰው ሁሉ ላኪበት። አትዘግዪ።

እናታችን በአዊኛ መርቃሻለች፤ ምርቃቷን በአማርኛ ብጽፈው ይጎድልብኛል፣ እንደምታውቂው አድርገሽ ተቀበዪው። ማናለብሽ ስንታየሁንና ምሕረትን ሰላም በሉልኝ ብላለች። ቄስ አዝመራው በጸሎት አስቢን ብለውሻል። የሻረግ ጉልበትሽን ትስማለች፤ ከዚህ በላይ ጻፍልኝ ያለችው የለም፣ ከተቀመጠችበት ሆና በሩን ትመለከታለች። የይኸነውን ሰላምታ ልጨምርልሽ ብዬ ደብዳቤውን ሳልዘጋ ቆየሁ። ጠዋት ጉሙ ሳይነሳ ምርኩዙን ይዞ ወጥቷል። መጥረቢያውም ከቤት የለም።

ወንድምሽ ትዕዛዙ
ፋግታ ለኮማ፣ ከአዲስ ቅዳም አጠገብ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.